ዩኩሌሌ ከስልክ መማር፦ ቪዲዮ፣ ቻሌንጅ ወይስ የመምህር ጆሮ?

ታናሽ እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለጥምቀት ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ዩኩሌሌ ነበር። አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። "ክራሩን ጀምረህ ተውከው፣ ይቺን ግን አትተዋትም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ክራሬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ስምንት ዓመት አልፎታል። እንግዳ ሲመጣ "ትጫወታለህ እንዴ?" ይለኛል፣ እኔ ወሬ እቀይራለሁ።

እህቴ ከተመለሰች በኋላ እሷ ሜሪላንድ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆነን አንድ ዓይነት መሣሪያ በተለያየ መንገድ መማር ጀመርን። እሷ የዓመት ከፍላ የኦንላይን ኮርስ ገባች። እኔ ዩቲዩብ ከፈትኩ። መሃል ላይ ሁለታችንም በቡድን የሚለማመዱበት ቻሌንጅ ውስጥ ገባን። በመጨረሻ ሁለታችንም መምህር ፍለጋ ወጣን። ስለዚህ ሦስቱንም ቀምሰናል፣ በሦስቱም ተበልተናል።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ቪዲዮ በነጻ ሞልቷል። ገንዘብ ካላችሁ የሚታይ ነገር ላይ አታውጡት፣ እናንተን የሚያይ ሰው ላይ አውጡት። የቀረው ጽሑፍ ለምን እንደዚህ እንደምል ነው።

መሣሪያዋ

ዩኩሌሌ አራት ክር ያላት፣ ትንሽ ጊታር የምትመስል መሣሪያ ናት። የሃዋይ ናት፣ ግን እናቷ ፖርቱጋላዊት ነች። እ.ኤ.አ. በ1879 ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሠራተኞች ጭና ሆኖሉሉ ገባች። ከተሳፋሪዎቹ መሃል ሦስት አናጢዎች ነበሩ፦ ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ጆዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ። ከአገራቸው የሚያውቁትን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ በሃዋይ እንጨት መሥራት ጀመሩ። ስሟን ብዙ ሰው "ዘላይ ቁንጫ" ብሎ ይተረጉመዋል። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ግን "እዚህ የመጣ ስጦታ" የሚለውን ትመርጥ ነበር። የኔን ጣቶች ላየ ሰው ቁንጫው ይቀርባል።

ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን የሚባሉ አራት መጠኖች አሉ። ትንሿ ሶፕራኖ ናት። እጃችሁ ሰፋ ካለ ኮንሰርት ወይም ቴነር ይመቻል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ በሚባሉ ድምፆች ይቃኛሉ፣ ለአንድ ክር አንድ ድምፅ። ባሪቶን ግን ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። ይሄ ትምህርት ስትመርጡ ይጠቅማችኋል። ባሪቶን ይዛችሁ ለሶፕራኖ የተሠራ ቪዲዮ ብትከፍቱ ጣታችሁ ልክ ሆኖ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ሌላም አለ። በተለመደው አሰራር ወደ ላይ ያለው የጂ ክር ከሲ እና ከኢ ይቀጥናል። አንዳንድ መምህራን ደግሞ ወፍራም ጂ ያስራሉ። ኮርዱ (ክሮቹን አብራችሁ ስትመቱ የሚወጣው ድምፅ) ያው ነው፣ ዜማ በነጠላ ክር ስትለቅሙ ግን ይለያያል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ "ምን አጠፋሁ?" ስል የነበረው በዚህ ነው።

አዲስ ክር ደግሞ ይለጠጣል። መጀመሪያ ሰሞን በየአሥር ደቂቃው ከቅኝት ይወጣል። እናንተም መሣሪያውም ምንም አልሆናችሁም። የመቃኛ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ታገሡ።

ነጻ ቪዲዮ

ሁሉም ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። መቃኘት፣ አያያዝና የመጀመሪያዎቹ አራት ኮርዶች ከቪዲዮ በደንብ ይገኛሉ። ሲ በአንድ ጣት ይያዛል። ኤ ማይነርም በአንድ ጣት ነው። ኤፍ ሁለት ጣት ነው። ጂ ሦስት ይፈልጋል፣ እዚያ ላይ ትንሽ ላብ አለ። በእነዚህ አራቱ የሚዘፈነው ዘፈን ተቆጥሮ አያልቅም።

የቪዲዮ ትልቁ ጥቅም አለመሰልቸቱ ነው። አርባ ጊዜ ብትመልሱት አይቆጣም። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ስታደርጉት ድምፁ ሳይወፍር ይዘገያል። የዳታው ነገር የሚያሳስበው ሰው ደግሞ በሌሊት ፓኬጅ አይቶ፣ ኮርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቀን ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይችላል። እኔ እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም የሽሮ ጠብታ አለበት።

ጉዳቱ መብዛቱ ነው። አንዱን ዘፈን ጀምራችሁ ሳትጨርሱ ከጎን ሌላ ይመጣል። በሁለት ወር ውስጥ የአሥራ አንድ ዘፈን መግቢያ ቻልኩ። አንዱንም እስከ መጨረሻ አልቻልኩም። ሰው "እስቲ አንድ ጋብዘን" ሲለኝ መግቢያውን ተጫውቼ "እንግዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል" እል ነበር።

መድኃኒቱ አንድ መምህር፣ አንድ ተከታታይ ትምህርት መያዝ ነው። በቅደም ተከተል የተሠሩ በነጻም አሉ። ለምሳሌ በርናዴት ቲችስ ሚዩዚክ የሚባለው የዩቲዩብ ቻናል ለጀማሪ የ30 ቀን ትምህርት አለው። የማንንም ብትመርጡ ግን ሁለት ነገር እዩ። ካሜራው ሁለቱንም እጅ ያሳያል ወይ? መምህሩስ ኮርድ ለመቀየር ጊዜ ይሰጣችኋል ወይስ ጎበዝነቱን ነው የሚያሳየው? ሁለተኛው ዓይነት ለማየት ደስ ይላል፣ ለመማር ግን አይሆንም።

የሚከፈልበት ኮርስ

ሰው ሲከፍል የተሻለ ቪዲዮ የሚያገኝ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ ይሄን፣ ነገ ያን፣ የኮርዱ ወረቀት ይኸው፣ አብራችሁ የምትጫወቱበት ሙዚቃ ይኸው። ምርጫ ለሚያደክመው ሰው ይሄ ራሱ ገንዘብ ያወጣል።

እህቴ ግን የዓመት ከፈለች። ስሙን አልጠራም። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ገባች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሥራ በዛ። ከዚያ ፈዘዘች። በዓመቱ ከካርዷ ላይ ራሱን አድሶ በድጋሚ ሲቆርጥ ነው ያስታወሰችው። "ጂም ተመዝግቤ እንደማልሄደው" አለችኝ። የመጀመሪያ ምክሬ ስለዚህ ይሄ ነው፦ በወር ክፈሉ። የዓመቱ ቅናሽ የሚጣፍጠው ለሚጨርስ ሰው ነው። እንደምትጨርሱ ደግሞ ገና አታውቁም።

አዲስ አበባ ላለን ሰዎች ሌላም ነገር አለ። ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብሩ ምንዛሪ በገበያ መወሰን ስለጀመረ በወር ትንሽ የሚመስለው ዶላር በብር ሲመታ ትንሽ አይደለም። ካርዱም ለሁላችንም በቀላሉ አይገኝም። ውጭ ያለ ዘመድ ካልከፈለልን በቀር ነገሩ አይሆንም። ዘመድን በየወሩ ማስቸገር ደግሞ ይሉኝታ ነው። በዚያ ብር እዚሁ ከሰው ጋር ስንት ሰዓት እንደሚገኝ አስሉ። እኔ አስልቼ ነው የተውኩት።

ኮርስ መግዛት ካለባችሁ መምህሩ የናንተን ቪዲዮ አይቶ የሚመልስበትን ፈልጉ። አርቲስትወርክስ የሚባለው በዚህ አሰራር ይታወቃል። ተማሪ ራሱን ቀርጾ ይልካል፣ መምህሩ በቪዲዮ ይመልስለታል፣ ልውውጡን ሌሎች ተማሪዎችም ያዩታል። የሌላውን ስህተት ማየት ያስተምራል። በራሳችን የማናየውን በሰው ላይ ቶሎ እናያለን መቼም።

ቻሌንጅ

ቻሌንጅ ማለት በቡድን ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ መለማመድና ያንን ለቡድኑ ማሳየት ነው። ሙዚቃ ውስጥ የታወቀው የ100 ቀን ልምምድ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቿ ሂላሪ ሃን እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንስታግራም ላይ ልምምዷን በየቀኑ ማሳየት ጀመረች፣ ስንቱ ተከተላት። ሰው የወደደው የጨረሰችውን ሥራ ሳይሆን ልምምዱን ስላሳየች ይመስለኛል። እንደሷ ያለች ሰውም አንድ መስመር ደጋግማ ትሳሳታለች። ዩኩሌሌ ላይም እንዲሁ አለ። ዩኩሌሌ አንደርግራውንድ በሚባለው የሃዋይ የኦንላይን ማህበረሰብ ዘንድ አንድ ሰው የሳምንቱን ርዕስ ያወጣል፣ ሌላው በዚያ ርዕስ ዘፈን ተጫውቶ ያቀርባል።

በቡድን መማር ለዚህች መሣሪያ አዲስ አይደለም። ካናዳ ሃሊፋክስ ውስጥ ቻልመርስ ዶን የሚባል የሙዚቃ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዩኩሌሌን በክፍል ደረጃ ለትምህርት ቤት ልጆች ሲያስተምር ነበር። ርካሽ ናት፣ ለትንሽ እጅ ትመቻለች፣ እየተጫወቱም ይዘፈንባታል። ዋሽንት እየነፋችሁ መዝፈን አትችሉም።

ቻሌንጅ ምን ይሰጣል? ላለማቋረጥ ምክንያት ይሰጣል። እቁብ የገባ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል። ደከመኝ ብሎ መቅረት የለም፣ ሌሎቹ ይጠብቁሃል። እኔ ክራር የተውኩት ስለከበደኝ አይደለም። መተዌን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ከሁለት የቢሮ ባልደረቦቼ፣ ከእህቴና ከጓደኛዋ ጋር አምስት ሆነን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። መጀመሪያ በየቀኑ ቪዲዮ እንላክ አልን። ተሳሳትን። በአምስተኛው ቀን አንዱ ለቅሶ ሄደ፣ አንዷ ልጅ አመማት፣ እኔ መብራት ጠፋብኝ። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ሰው በሳምንቱ ከግሩፑ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ በሳምንት አንድ ቪዲዮ፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ፣ እሁድ ማታ እስከ 4 ሰዓት አልን። ያ ሠራ። ልምምዱ በየቀኑ ይሁን፣ ማሳየቱ ግን በሳምንት ይሁን።

በዚህ ጉዳይ የኛ ዘመን አቆጣጠር እንዴት እንደሚመች! ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ነው። ጥቅምት 1 ጀምራችሁ ጥቅምት 30 ትጨርሳላችሁ። እህቴ ግን "ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?" እያለች ፌብሩዋሪ ላይ ጣት ስትቆጥር ነበር። ጳጉሜንን የተበላሸውን ለማደስ ተጠቀሙባት።

አሁን ጉዳቱ። ቻሌንጅ እንድትቀጥሉ ያደርጋችኋል እንጂ እንድትስተካከሉ አያደርጋችሁም። በኛ ግሩፕ ቪዲዮ በተላከ ቁጥር የሚመጣው መልስ "በርታ!"፣ "ወይኔ ደስ ሲል!"፣ አምስት ልብ፣ ሁለት ጭብጨባ ነው። ከክፋት የመጣ አይደለም። እኛ ሰው አደባባይ ላይ ማረም አንወድም። ውጤቱ ግን ያው ነው፣ የተበላሸ ምት ይዞ ሰላሳ ቀን መለማመድ የተበላሸውን ምት ያጠነክረዋል። እኔ ላይ የደረሰውም ይሄ ነው።

ሌላው ደግሞ የመቅረጽ በሽታ ነው። አንድ ደቂቃ ለመላክ ሃያ ሰባት ጊዜ ቀርጫለሁ። ያ ልምምድ አይደለም፣ ፎቶ ቤት መቀመጥ ነው። ከሦስት ጊዜ በላይ አይቀረጽም የሚል ሕግ አውጡ።

የመምህር አስተያየት

ሦስት ወር ከተለማመድኩ በኋላ በጓደኛ በኩል አንድ የጊታር መምህር አገኘሁ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ዩኩሌሌ ይዞ አያውቅም ነበር። ግን ችግር የለውም። ጊታር ላይ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) ላይ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ብታስሩ ቀጫጭኖቹ አራት ክሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይሆናሉ። የጣት አያያዙ አንድ ነው። ስለዚህ "ከተማው ውስጥ የዩኩሌሌ መምህር የለም" ብላችሁ አትቀመጡ። ጥሩ የጊታር መምህር ይበቃል።

አንድ ዘፈን ተጫወትኩለት። ሰማኝና "ጋሼ፣ ጥሩ ነው፣ በርቱ" አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም። "ወንድሜ፣ ለጋሼነቴ ሳይሆን ለገንዘቤ ንገረኝ" አልኩት። ሳቀ። ትንሽ አመነታ። "እሺ ጋሼ፣ ኮርድ ሲቀይሩ ቀኝ እጅዎ ይቆማል" አለኝ።

"አይቆምም" አልኩ።

በስልኩ ቀርጾ አሳየኝ። ይቆማል። በየቅያሪው፣ ሳይዛነፍ፣ እንደ ታክሲ ረዳት ፌርማታው ላይ ሁሉ ይቆማል።

የሚገርመው ይሄን ነገር በቪዲዮ ሰምቼዋለሁ። "እጃችሁ እንዳይቆም" ብላ አስተማሪዋ በሁለተኛው ቀን ተናግራለች። እኔም ራሴን ነቅንቄ አልፌዋለሁ። ስለ እኔ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ሰው ሲጫወት የሚሰማው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ዘፈን ነው። ክፍተቱን ራሱ እየሞላ ይሰማል። ቪዲዮ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም።

መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ነበር። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርግ። ክሮቹን በግራ እጅ አፍነህ በቀኝ ብቻ ምታ። ከዚያ ኮርድ እየቀየርክ ምታ፣ ግራ እጅ ባይደርስ እንኳ የተበላሸ ድምፅ ይውጣ እንጂ ቀኝ እጅ አይቁም። በአሥር ቀን ዘፈኑ ዘፈን መሰለ። ጎረቤቴ እትዬ፣ ኮንዶሚኒየማችን ግድግዳው ወረቀት ስለሆነ ሁሉን ይሰማሉ፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "ዛሬስ ደህና ነው ልጄ፣ በፊት መኪና አልነሳ ሲል ይመስል ነበር" አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ እውነቱን የሚያውቁ ሰው አጠገቤ ነበሩ። አልጠየቅኳቸውም።

እህቴም የሷ ጉድ ነበራት። ድምፁ ሁልጊዜ ትንሽ ከቅኝት ይወጣባት ነበር። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ሌላ ልትገዛ ነበር። ቀርጻ ለመምህር ላከች። መልሱ ከቀናት በኋላ መጣ፦ በጣም እየተጫንሽ ነው። ክሩ ለስላሳ ነው፣ አጥብቀው ሲይዙት ድምፁ ከፍ ይላል። ጣትሽን ወደ ፍሬቱ ብረት አስጠግተሽ ቀለል አድርጊው አላት። አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ዳነች።

አሁን ወደ ምርጫው። የመምህር አስተያየት በሁለት መንገድ ይመጣል። ቀርጾ መላክና በቀጥታ መገናኘት።

ቀርጾ መላክ ለኛ ይመቻል ባይ ነኝ። የኢንተርኔት መቆራረጥ አያበላሸውም። የሰዓት ልዩነት አያስቸግርም። የመምህሩን መልስ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንኳ ይበቃል። ጉዳቱ መዘግየቱ ነው፣ ሦስት ቀን ስትጠብቁ ያንኑ ስህተት ሦስት ቀን ትለማመዳላችሁ።

በቀጥታ ሲሆን እርማቱ እዚያው ነው። "ቆይ፣ ድገሚው፣ ክንድሽን ዝቅ አድርጊ" ይላል፣ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ። አያያዝና አቀማመጥ ላይ ችግር ላለበት ሰው ይሄን የሚተካ የለም። በዙም ከሆነ ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ። አንደኛ፣ ዙም የሰው ድምፅ እንዲጠራ ብሎ ሌላውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ዩኩሌሌያችሁ ብቅ ጥልቅ የምትለው ለዚህ ነው። ድምፅ ማስተካከያው ውስጥ "ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሽያንስ" የሚለውን አብሩት። እኔና መምህሬ ዝናብ ቀን በዙም ስንገናኝ ግማሽ ሰዓት ያባከንነው ይሄን ሳናውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ድምፅ በመንገድ ይዘገያል፣ ስለዚህ አብሮ መጫወት አይቻልም። እሱ ይጫወታል፣ እናንተ ትከተላላችሁ፣ በተራ። "በቡድን በቀጥታ እንጫወታለን" የሚሉ ክፍሎችም ሁሉም ማይክ ዘግቶ፣ መምህሩን እየሰማ፣ ለየብቻው የሚጫወትባቸው ናቸው። ደስ ይላል፣ ግን መምህሩ እናንተን አይሰማም። ያንን አስተያየት ብላችሁ አትክፈሉ። ነጻው ዙም ደግሞ 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል። ለጀማሪ ጣት ያውም ይበዛል።

ስትልኩ እንዴት ትልካላችሁ? ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፉት፣ ሁለቱም እጅ ይታይ። አንድ ደቂቃ፣ ሳይቆረጥ። የተሳሳታችሁበትን ቦታ አታውጡት፣ መምህሩ የሚፈልገው እሱን ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "እንዴት ነው?" ካላችሁ "ጎበዝ" ትባላላችሁ። "ከኤፍ ወደ ጂ ስሄድ ምቱ ይዛነፋል ወይ?" ካላችሁ መልስ ታገኛላችሁ። በዕድሜ ከመምህሩ የምትበልጡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ፈቃድ ስጡት። ልጁ በጨዋነት ያደገ ከሆነ ጋሼንና እትዬን ማረም ይከብደዋል።

በየሳምንቱ መክፈል የግድ አይደለም። አንድ እርማት ለመዋሃድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እኔ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምገናኘው።

ትዝታ መጫወት ለሚፈልግ

ብዙዎቻችን መሣሪያ የምናነሳው በመጨረሻ የራሳችንን ዜማ ለመጫወት ነው። የውጭ ኮርሶች ደግሞ ከኮርድ ጀምረው በኮርድ ያልቃሉ። እንዲህም ሆኖ ዩኩሌሌ ለትዝታ የተሰጠች ናት። ምንም ሳትይዙ አራቱን ክር ብትመቱ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይወጣል። ከሲ የሚነሳው ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ከአምስቱ አራቱ ባዶ ክር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው! የቀረው ዲ የሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ነው። በአንድ ጣት ትዝታ ሞላላችሁ። ክራር የነካ ሰው ይሄን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፣ እኔማ ጮኼያለሁ።

አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን ሌላ ነገር ነው። እርምጃው ለኮርድ አይመችም፣ ክር እየለቀሙ መሄድ ይሻላል። እዚህ ላይ የትኛውም የውጭ ኮርስ አይረዳችሁም። ግባችሁ ይሄ ከሆነ ቪዲዮውንም ቻሌንጁንም ለጣት ማፍታቻ ተጠቀሙበትና ለመምህርነት ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ወይም ቅኝት የሚያውቅ ክራር ተጫዋች ፈልጉ። ዩኩሌሌ ባይዝም ጆሮው ይበቃችኋል።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ?

ምንም ብር ማውጣት የማይፈልግ ሰው አንድ ነጻ ተከታታይ ትምህርት ይያዝና ሦስት አራት ሰው ሰብስቦ ግሩፕ ይክፈት። ግሩፑ ውስጥ ግን ልብና ጭብጨባ ብቻ እንዳይሆን እያንዳንዱ ሰው አንድ የሚስተካከል ነገር እንዲጠቁም ተስማሙ። እኛ "አንድ ምርቃት፣ አንድ እርማት" ብለነዋል።

ትንሽ ብር ያለው ሰው ያንኑ ያድርግና በሁለተኛው ወር ላይ መምህር አንዴ ያግኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታረም ነገር ገና የላችሁም፣ ጣት ብቻ ነው የሚያመው። ሦስት ወር ከቆያችሁ ደግሞ ስህተቱ ሥር ይሰዳል፣ የኔን አይታችኋል።

ውጭ ያላችሁና ካርድ የማይቸግራችሁ፣ ሥራችሁ ግን ሰዓት የማይሰጣችሁ፣ ቪዲዮ ልካችሁ መልስ የምትቀበሉበትን ኮርስ በወር ክፈሉ። በወር ሁለት ቪዲዮ ካልላካችሁ አቋርጡት። ያንን ብር በወር አንድ የቀጥታ ክፍለ ጊዜ ላይ አውጡት።

ጀምሮ መተው የለመደበት ሰው፣ እንደኔ፣ ከሁሉ በፊት ግሩፕ ይግባ። ኮርስ አይግዛ። በጣም የሚያፍር ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያድርግ። ግሩፕ ያስጨንቀዋል፣ አንድ መምህር ብቻ ይበቃዋል። ለልጅ ከሆነ ቪዲዮውን እናንተ እዩትና አብራችሁ ተጫወቱ፣ ልጅ ብቻውን ስልክ ይዞ ዩኩሌሌ ሲማር አላየሁም፣ ካርቱን ሲያይ ነው ያየሁት።

ክፍያው ኮርስም ይሁን መምህር፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ስጫወት የሚያየኝ ማነው፣ ስንት ጊዜስ ያየኛል?" መልሱ ከተድበሰበሰ ዩቲዩብ አለላችሁ።

እኔና እህቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። የኔ ማታ 3 ሰዓት የሷ ቀን 8 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 7 ይሆናል፣ በዚያ ሳምንት ሁልጊዜ አንዳችን እንሳሳታለን። አብረን መጫወት ስለማንችል እሷ ትጫወታለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከዚያ እኔ እጫወታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ትዝታዬን ጨርሼ ዝም ስል "እጅህ አልቆመም" አለች። "ዲዋን ግን ሁለት ጊዜ ስተሃታል።"